የመሸከም አቅም ምንድን ነው?

ስለ ባህር ዳርቻ ቱሪዝም በተወራ ቁጥር "የመሸከም አቅም" የሚለው ቃል አይቀርም። በቅርቡም አንድ አስተያየት ሰጪ የፊሊፒንሷን ደሴት ቦራካይን ጠቅሶ፣ በቀን ከ6,405 ጎብኚ በላይ ካልገባ ባህሩ ንጹህ ሆኖ ይኖራል ሲል ደመደመ። እንዲህ ያለ ድምዳሜ ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ሥራዬ ፍሳሽ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ትርጉሙ አጭር ነው። አንድ ቦታ ሳይበላሽ ምን ያህል ሰው ያስተናግዳል ማለት ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ቁጥሩ ከደሴቷ ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስለዋል።

6,405 ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2018 የተሠራው ጥናት ደሴቷ በአንድ ጊዜ 19,215 ጎብኚ መያዝ ትችላለች አለ። አንድ ጎብኚ በአማካይ ሦስት ቀን ይቆያል ተብሎ ታሰበ። 19,215 ለሦስት ሲካፈል 6,405 ይመጣል። ይህ እንግዲህ በቀን የሚገባው ነው፤ ደሴቷ ላይ ያለው ሰው ብዛት አይደለም። ጎብኚው አምስት ቀን መቆየት ቢጀምር፣ በየቀኑ 6,405 ብቻ እየገባ ደሴቷ ላይ 32,025 ጎብኚ ይኖራል። ወደቡ ላይ የሚቆጠረው አልተለወጠም። ፍሳሹ ግን በዚያው ልክ ጨምሯል። ደግሞም ጥናቱ ነዋሪውንና ሠራተኛውን ጨምሮ የሰጠው ቁጥር 54,945 ነው። አልጋ የሚያነጥፈውም፣ ምግብ የሚያበስለውም ሽንት ቤት ይጠቀማል። ይህን ቁጥር የሚያነሳ ግን የለም።

ሰርግ የደገሰ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ድንኳኑ 300 ወንበር ይይዛል እንበል። ታዲያ 300 ሰው ይጠራል? ግቢው ውስጥ ያለው ሽንት ቤት አንድ ከሆነ አይቻልም። ውሃ ከጠፋና በርሜል ቀድሞ ካልተሞላ ቁጥሩ ይብስ ይወርዳል። ምሳውን በልቶ የሚሄድ እንግዳና እስከ እኩለ ሌሊት የሚጨፍር እንግዳ እኩል አይቆጠሩም። ጎረቤት ግቢውን ከከፈተ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ድግሱን የሚወስነው ቀድሞ የሚያልቀው ነገር ነው። ባህር ዳርቻም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ አንድ ነው። ሰርግ ላይ ሽንት ቤቱ ሲሞላ ወዲያው ሁሉም ያውቃል። ባህር የገባ ፍሳሽ ግን ብዙ ጊዜ ዓይን አይገባም።

ቦራካይ ላይ ቀድሞ ያለቀው የፍሳሽ መስመሩ ነበር። አንዳንድ ሆቴሎችና ቤቶች የሽንት ቤት ቧንቧቸውን በድብቅ ከዝናብ ውሃ ማውረጃው ጋር አገናኝተው ነበር። ማውረጃው ደግሞ የሚያበቃው ባህር ላይ ነው። ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ ቦታውን የፍሳሽ ጉድጓድ ብለው ጠሩት። ደሴቷም ከኤፕሪል 26 ቀን 2018 ጀምሮ ለስድስት ወር ለጎብኚ ተዘጋች። በዚያ ጊዜ መንገድ ተቆፈረ፣ ሕገ ወጥ መስመሮች ተቆረጡ፣ ከውሃው ተጠግተው የተሠሩ ግንባታዎች ፈረሱ። ይህ ሁሉ ሳይደረግ የጎብኚው ቁጥር በግማሽ ቢቀነስ የግማሹ ሽንት ባህር መግባቱን ይቀጥል ነበር።

"ንጹህ" የሚለው ቃልም ያሳስበኛል። ፀሐይ ጀርሞችን ስለምትገድል፣ ቀትር ላይ የተቀዳ ናሙና ማለዳ ከተቀዳው ያነሰ ጀርም ሊያሳይ ይችላል። ከዝናብ ማግስት የተቀዳው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ሰገራ ውሃ ውስጥ መግባቱን ከሚጠቁሙት ጀርሞች መካከል፣ ለባህር ውሃ ከኮሊፎርም ይልቅ ኢንቴሮኮከስ የተሻለ ጠቋሚ ነው። መቼ እንደተቀዳና ምን እንደተለካ ያልተነገረበት ውጤት ይዞ መከራከር አይቻልም።

ፍሳሽ ዋናው ችግር ያልሆነበትም ቦታ አለ። ታይላንድ ውስጥ ማያ ቤይ የምትባለው የአንዲት ደሴት ወሽመጥ በጁን 2018 ስትዘጋ ኮራሉን፣ ማለትም ድንጋይ የሚመስለውን የባህር ውስጥ ሕያው ፍጥረት፣ ክፉኛ የጎዱት ጀልባዎቹና መልህቆቻቸው ነበሩ። በጃንዋሪ 2022 ስትከፈት ጀልባ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ጎብኚው ከደሴቲቱ ጀርባ ወርዶ በእግሩ እንዲሻገር ተደረገ። በአንድ ዙር ከ375 ሰው በላይ አይገባም፤ መዋኘትም ተከለከለ። የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር የሆነ ሻርኮች ወደ ወሽመጡ ተመልሰዋል። ያንኑ 375 ሰው በጀልባ ወሽመጡ ውስጥ አስገብታችሁ መልህቅ ብታስጥሉ ቁጥሩ ምንም አያድንም።

ቁጥር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የሚመጣው ግን መጨረሻ ላይ ነው። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት "ተቀባይነት ያለው የለውጥ ገደብ" የሚባል አሠራር አለ። ጥያቄውን ከሌላ በኩል ይጀምራል፤ ቦታው ምን ሆኖ እንዲቆይ እንፈልጋለን? ያ ከተወሰነ በኋላ ይለካል፣ ገደቡ ሲታለፍ እርምጃ ይወሰዳል።

ያው አስተያየት ሰጪ ሐዋሳ ላይም ቁጥር ይወሰን ብሏል። ሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ከፍሳሽ ጋር የገባበትን አብዛኛውን ነገር ይዞት ይቀራል። ስለዚህ በበዓል ቀን ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ መዝናኛ ላይ ሰው ከመቁጠር በፊት፣ በዳርቻው ያሉ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ፍሳሻቸውን የት እንደሚለቁ አንድ በአንድ ይታይ። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሽንት ቤቱ ውስጥ ደማቅ ማቅለሚያ ይጨመራል፣ ውሃ ይለቀቃል፣ ከዚያ የማንሆሎቹን ክዳን እየከፈቱ ቀለሙን መከተል ነው።