መጀመሪያ መሰጠት ያለበት መርፌ፦ ስለ ንብ ንድፊያ አለርጂ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማር በሚቆረጥበት በጥቅምትና በኅዳር፣ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ በንብ ተነድፎ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣው ሰው ይበረክታል፤ አብረውት የሚመጡት አባባሎች ግን ዓመት ከዓመት ያው ናቸው። አብዛኞቹ ጊዜ ከማባከን የዘለለ ጉዳት የላቸውም። አንደኛው ግን ሰው ይገድላል፤ እሱን የሚናገሩት ደግሞ ገበሬዎች ሳይሆኑ ነጭ ጋወን የለበሱ ባልደረቦቼ ናቸው።

«ወተት መርዙን ያረክሰዋል።» የተጠጣ ወተት ከቆዳ ሥር ከገባ መርዝ ጋር አይገናኝም፤ ጉሮሮው እያበጠ ያለን ሰው ማጠጣት ደግሞ ለትንታ ማጋለጥ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ነጭ ጋዝ መቀባትም እንዲሁ ከንቱ ነው።

«መንደፊያው በጥፍር ከተነቀለ መርዙ ይጨመቃል።» የመርዝ ከረጢቱ አብዛኛውን መርዝ የሚለቀው በሰከንዶች ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ምላጭ ከመፈለግ ይልቅ ባገኙት ነገር ወዲያው መንቀል ይሻላል።

«እጁ እስከ ክርኑ አብጧል፤ አመርቅዟል።» በተነደፈበት ዙሪያ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ በሁለተኛው ቀን ግድም የሚብስና ሳምንት የሚቆይ እብጠት በአብዛኛው አለርጂ እንጂ ኢንፌክሽን ስላልሆነ አሞክሲሲሊንን የመሰለ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም።

«አድሬናሊን ልብ ያቆማል፤ ሃይድሮኮርቲዞን ይበቃዋል።» ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ይህ ነው። አናፊላክሲስ በምንለው ከባድ አለርጂ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ያፈሳሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ የአየር ቧንቧም ይጠብባል። ሃይድሮኮርቲዞን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ሥራ ለመጀመር ሰዓታት ይፈልጋል፤ ፀረ-ሂስታሚን ማሳከክንና ሽፍታን ቢያስታግሥም የወደቀ የደም ግፊት አያነሣም፣ የተዘጋ ጉሮሮም አይከፍትም። ሁለቱንም በደቂቃዎች ውስጥ የሚያደርገው አድሬናሊን ብቻ ነው። ፍርሃቱ የመጣው ያልተበረዘ አድሬናሊን በደም ሥር በፍጥነት ሲሰጥ ልብን በእርግጥ ስለሚጎዳ ነው። ነገር ግን እኛ የምንለው በጭን የውጭ ጎን፣ መካከሉ ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ የሚሰጠውን ነው፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 1 ሚሊ ግራም ከያዘው አምፑል ግማሹ፣ ለሕፃን በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም። ካልተሻለው በአምስት ደቂቃ ይደገማል።

ባለፈው ኅዳር ከኮምቦልቻ አቅራቢያ ቀፎ ሲቆርጥ አንገቱ ላይ የተነደፈ ጎልማሳ አመጡልን። መጀመሪያ የደረሰበት የጤና ተቋም ሃይድሮኮርቲዞን ወግቶ «ደሴ ውሰዱት» ስላለ፣ የሐረጎን ዳገት የወጣው በሚኒባስ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተደግፎ ነው። እጆቹ ገና ጭስ ጭስ ይሸታሉ፣ ጥፍሮቹ ሥር ሰፈፍ ተጣብቋል፣ ላይኛው የደም ግፊቱ 60 ነው። ጭኑን ለመውጋት ሱሪውን ስንቀድ ወንድሙ «መርፌውንማ ተወግቷል እኮ፣ ዶክተር» ብሎ እጄን ሊይዝ ቃጣው። ፈሳሽ እየሰጠን ሁለት ጊዜ ወጋነው፤ ከሁለተኛው በኋላ ዓይኑን ገልጦ ጫማው የት እንደ ደረሰ ጠየቀ። ወደ ላከው ተቋም ስደውል አምፑሉ እነርሱም ዘንድ እንደነበረ፣ «ልቡን ያቆመዋል ብለን ፈርተን» እንደተዉት ነገሩኝ። አስቀምጦ ማምጣቱም ራሱን የቻለ ስሕተት ነበር፤ ግፊቱ የወረደ ሰው በጀርባው ተኝቶ እግሩ ከፍ ይላል፣ መተንፈስ ካቃተው ብቻ ይቀመጣል፣ ድንገት ተነሥቶ እንዲቆም ግን ፈጽሞ አይደረግም። ተሻለኝ ካለም በኋላ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ቤተሰቡ እያጉረመረመም ቢሆን እስከ ማግስቱ አቆየነው።

«ሽፍታ ካልወጣበት አለርጂ አይደለም።» ከንድፊያ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ተዝለፍልፎ የወደቀ ሰው፣ ቆዳው ንጹሕ ቢሆንም፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ እንደ አናፊላክሲስ ይታከማል።

«ከዚህ በፊት ተነድፌ ምንም አልሆንኩም።» አለርጂ የሚፈጠረው ሰውነት አስቀድሞ ከመርዙ ጋር ተዋውቆ ፀረ እንግዳ አካል ሲያዘጋጅ ነው፤ እንግዲህ የቀድሞው ንድፊያ ዋስትና ሳይሆን መነሻው ሊሆን ይችላል።

«የደም ምርመራ ይለየው።» ምንም ሆነው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ምርመራቸው አለርጂ ያሳያል፤ ስለዚህ ከወረቀቱ ይልቅ የታማሚው ታሪክ ይቀድማል፦ ምን ነደፈው፣ በስንት ደቂቃ ምን ተሰማው። ምርመራው ካስፈለገም ከንድፊያው በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ይሻላል፤ ቀድሞ ከተሠራ በሐሰት ነፃ ሊያወጣ ይችላል። አለርጂው ከተረጋገጠ፣ ሕክምናው ባለበት አገር መርዙን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በመውጋት ሰውነትን ማለማመድ ይቻላል።

«ንብ የማይስማማው ማርም አይስማማውም።» ያ ጎልማሳ ሲወጣ በሐዘን የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር። ማር የንብ መርዝ ስለሌለበት ብላ አልኩት፤ ቀፎዎቹን ግን ወንድሙ ተረክቦታል።