«ፖሊስ ይዞ ይለቃል»፦ ከገጠር ቀበሌ ፖሊስነት በጡረታ የወጣ ሰው የሰለቹት አባባሎች

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሰልስቱ ነው፤ ንፍሮው ይዞራል፤ ወሬው ከሟች ተነሥቶ ወደ ከብት ሌባ ሄደ። ከአጠገቤ የነበሩ አዛውንት፣ ምን ስሠራ እንደኖርኩ እያወቁ፣ «እኛ እንይዛለን፣ ፖሊስ ይለቃል» አሉ። ድንኳኑ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ለቅሶ ቤት ነውና ንፍሮዬን ቆርጥሜ ዝም አልኩ። እዚህ ግን ዝም የምልበት ምክንያት የለኝም።

በደቡብ ወሎ ደጋ፣ በሦስት የገጠር ቀበሌዎች፣ ለአሥራ አንድ ዓመት የማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከሦስቱ አንዱን ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር በእግር አራት ሰዓት ይፈጃል። ጣቢያ የሚባለው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጥግ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መዝገብ፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መዝገቡን የምሸፍንበት አንድ ፕላስቲክ።

ከቀላሎቹ ልጀምር።

«የማህበረሰብ ፖሊስ ሥራው ስብሰባ መጥራት ነው።» ስብሰባ አብዝተናል፤ እኔም ተሰላችቼበታለሁ። ነገር ግን ከስብሰባው በኋላ ሰው ሲበተን አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀርታ በጆሮዬ የምትነግረኝን ለማግኘት ሌላ መንገድ አላውቅም።

«ሚሊሻና ፖሊስ አንድ ነው።» አይደለም። ሚሊሻው ሌሊት ጠብቆ ሲነጋ በሬውን የሚጠምድ ጎረቤታችሁ ነው። ተጠርጣሪ ይዞ ያስረክባል እንጂ ቃል አይቀበልም፣ አይመረምርም።

«ለማመልከት የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በዓይኑ ያላየም ማመልከት አይችልም።» ይህን ማን እንደፈጠረው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ስሠራ ከእጄ ያልተለየው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 የሚለው ወንጀል መሠራቱን ማንም ሰው፣ አየውም አላየውም፣ ማመልከት እንደሚችል ነው። የምትናገሩትን ፖሊሱ ይጽፋል፣ ያነብላችኋል፣ ትፈርማላችሁ። መጻፍ የማይችል በጣቱ ይፈርማል።

«ፖሊስ መጥቶ ድንበሬን ይለካልኝ።» ፖሊስ ድንበር አይለካም፣ መሬት አይሰጥም፣ አይነጥቅም። ለዚያ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ አለ፣ ደብተራችሁ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። የእኔ ድርሻ እስከዚያ ድረስ ማንም መጥረቢያ እንዳያነሣ ማድረግ ነው። በሰኔ ማረሻው ስንዝር ከገፋ፣ በኅዳር ከብቱ ያልታጨደ ማሳ ከገባ፣ ጠብ እንደሚመጣ እኔም እናንተም እናውቃለን። እያወቅን «ጠቡ ድንገት ተነሣ» ስትሉኝ ይገርመኛል። ዘንድሮ ድንበሩ የተገፋበት ሰው በሚቀጥለው ሰኔ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም፤ በጥር፣ ሁሉም ቤቱ ሳለ፣ ሁለቱን ቁጭ አድርጎ ማነጋገር ነው።

«ሌባ ሳይገረፍ አያወጣም።» አንድ ጊዜ ጥሪ ደርሶኝ ስሮጥ ብደርስ ወጣቱን ከግራር ጋር አስረው ክንዱን ሰብረውታል። በዱላው መካከል «በሬውን ገደል ውስጥ ደብቄዋለሁ» ብሎ ነበር። ገደሉ ተፈተሸ፤ በሬ የለም። ሰው ሲገረፍ የሚናገረው እውነቱን ሳይሆን ዱላውን የሚያስቆመውን ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል። በዚያ ቀን ሁለት መዝገብ ከፈትኩ፦ አንዱ ለጠፋው በሬ፣ አንዱ ለተሰበረው ክንድ። ሁለተኛው ብቻ ፍርድ አገኘ፤ ሦስት ገበሬዎችም በእርሻ ወቅት ታሰሩ። እጅ ከፍንጅ የያዛችሁትን መያዝ መብታችሁ ነው። ያዙት፣ ገመዱን አታጥብቁበት፣ ሳትዘገዩ አስረክቡት። ከዚያ ያለፈው የእናንተ አይደለም።

አሁን ወደ ለቅሶ ቤቱ ልመለስ።

«እኛ እንይዛለን፣ ፖሊስ ይለቃል።» ይህን የሚለው ሰው በዓይኑ ያየው አንድ ነገር ነው፦ ሰኞ ታስሮ የሄደው ሰው ቅዳሜ ገበያ ላይ ቆሞ ጨው ሲገዛ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

የሆነው ይህ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ያለው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም፤ ይህች ሐረግ ለእኛ ለገጠር ሰዎች የተጻፈች ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ተጠርጣሪውን በእግር ይዤ ወረዳው ከተማ እስክደርስ ግማሽ ቀን ያልፋል። ፍርድ ቤት ስንቀርብ ምርመራዬ ካላለቀ ተጠርጣሪው ታስሮ እንዲቆይ የጊዜ ቀጠሮ እጠይቃለሁ፤ የሚፈቀደው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። ካለቀ ተጠርጣሪው ዋስ ይጠራል። ዋስትና ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው፤ የሚከለከለው በሕግ በተለዩ ጉዳዮች ነው፣ የሚከለክለውም ዳኛ ነው። ዋስ ጠርቶ የወጣ ሰው በቀጠሮው ቀን ለመቅረብ ቃል የገባ ተከሳሽ ነው እንጂ ነጻ የወጣ ሰው አይደለም። «ሳጅን ስንት በላ?» ብላችሁ የምትንሾካሾኩት እሱ በዋስ በወጣበት ሳምንት ነው። በእርግጥ የሚበላ ፖሊስ የለም አልልም፤ አይቻለሁ። ነገር ግን ስለ አንዱ የሰማችሁት ስለ ሁላችንም መልስ አይሆንም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ የዳለቻውን በሬ ታሪክ ስሙ። ግንቦት ነው፣ ሰው ለእርሻ የተዘጋጀበት ጊዜ። አንድ ገበሬ ሌሊት በሬው ይሰረቅበታል። ጎረቤት ተነሥቶ ዱካ ተከተለ፤ ሲነጋጋ ከአጎራባች ወረዳ ገበያ መግቢያ ላይ ሰውዬውን ገመዱን እንደያዘ አገኙት። ሦስት ሰዎች ያዩት፣ እጅ ከፍንጅ የተያዘ። በዚያው ምሽት በባትሪ መብራት የሦስቱንም ቃል ጻፍኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ የተሟላ መዝገብ በእጄ የገባው ስንት ጊዜ እንደሆነ በጣቴ እቆጥራለሁ። ተጠርጣሪው ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ዋስ ጠርቶ ወጣ፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ መሠረተ፣ ምስክር የሚሰማበት ቀን ተቆረጠ።

በመካከሉ የተከሳሹ ወንድም በግ እየጎተተ መጣ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ባለ በሬው በሬውን ተረክቧል፣ ለእንግልቱም ካሳ ተቆጠረለት፣ በጉ ታረደ፣ «ከእንግዲህ ክፉ አንነጋገርም» ተብሎ ተማማሉ። በመጀመሪያው ቀጠሮ አንድም ምስክር አልመጣም። በሁለተኛው አንዱ መጣና ዳኛው ፊት ቆሞ «ጎህ ሳይቀድ ነበር፣ መልኩን አልለየሁም» አለ። የማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ግን በገዛ ጣቱ የፈረመበት ቃል «የእገሌ ልጅ እገሌ መሆኑን አውቀዋለሁ፣ አብረን አድገናል» ይላል። በሦስተኛው ቀጠሮ መዝገቡ ተዘጋ።

እና የዚያን ሽምግልና የመራው ማን ነበር? ለቅሶ ቤት ከአጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት።

ሽምግልናን እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። ሰው በተገደለ ጊዜ የሟች ወገን ጠመንጃ አንሥቶ እንዳይወጣ ያደረጉት እኔ ሳልሆን ሽማግሌዎች፣ ቄሶችና ሼሆች ናቸው። ደም የሚያደርቁት እነሱ ናቸው፤ እኔ አንድ ብቻዬን ሸለቆ ሙሉ ዘመድ አላቆምም ነበር። ነገር ግን እርቅ የሚጨርሰው በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለውን ቂም ነው። ስድብን የመሰለ፣ ተበዳዩ ካልጠየቀ የማያስቀጣ ጥፋት በእርቅ ሊቀር ይችላል። ስርቆትና ግድያ ግን በመንግሥት ክስ የሚሄዱ ናቸው፤ በግ ታርዷል ተብሎ አይቆሙም። ካሳ መክፈሉና መጸጸቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፣ ያም የዳኛው ነው። ታርቃችሁም መመስከር ይቻላል። «ታርቄዋለሁ፣ ያየሁት ግን ይህ ነው» ማለት መሐላ ማፍረስ አይደለም፤ ይልቁን ሽማግሌዎች «አትመስክር» የሚል መሐላ ማስገባታቸውን ቢተዉ ግማሹ ችግር ይቀላል።

ምስክሮቹንም በባዶው አልወቅስም። አራት ሰዓት ተጉዘው፣ የገበያ ቀን አቃጥለው፣ «ዳኛ የለም፣ በሌላ ቀን ኑ» የተባሉ ሰዎች አብረውኝ ተመልሰዋል። ከተከሳሽ ዘመድ ጋር በአንድ ምንጭ የሚቀዱ፣ በአንድ መንገድ የሚሄዱም ናቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። «ፖሊስ ለቀቀ» ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይገልጽም።

ስለዚህ ከብት ሲሰረቅባችሁ እንዲህ አድርጉ። ሲነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ደውሉ። በረቱ ደጃፍ ላይ አገር ምድሩ ተሰብስቦ ዱካውን አይርገጠው፤ ሁለት ሰው ብቻ በዳር በዳር ይከተል። የበሬውን ምልክት አስቀድማችሁ እወቁ፤ «ቀይ በሬ ነው» አይበቃም፣ ገበያው ቀይ በሬ ነው። ቦራ ነው? ቡሬ ነው? ቀንዱ ወዴት ዞሯል? ጆሮው ላይ ቁርጥ አለ? ቀንበር የላጠው የትኛው ትከሻው ነው? አሁን ልጆቻችሁ ስልክ ይዘዋል፣ በደህና ጊዜ ፎቶ ያንሡት። መጀመሪያ ያየው ማን እንደሆነ፣ ከዚያ ማን እንደደረሰ ለዩ። የምትገዙም ሰዎች፣ ዋጋው ከገበያው በጣም ከረከሰ፣ ሻጩንም የሚያውቅ ሰው ከጠፋ፣ እጃችሁን ሰብስቡ።

«የጠቆመ ሰው ጆሮ ጠቢ ነው።» የዚህ ስም ምንጭ ይገባኛል። በየዘመኑ ስለ ሌባ ሳይሆን ስለ ጎረቤቱ ሐሳብ እየተጠየቀ የተናገረ ሰው ነበር፤ ሕዝቡ ያንን አልረሳም። ነገር ግን ስለ ጎረቤት ሐሳብ መናገርና የጎረቤት በሬ በሌሊት ሲነዳ አየሁ ማለት አንድ አይደሉም። ሆን ብሎ ንጹሕ ሰውን በሐሰት የሚወነጅልም በወንጀል ሕጉ ይጠየቃል። በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መሠራቱን እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ዝም ያለም በዚያው ሕግ አንቀጽ 443 ይጠየቃል።

«አውጫጭኝ ቢመለስ ሌባ ይጠፋ ነበር።» ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ በአውጫጭኝ ተቀምጠው የማያውቁ ናቸው። አባቴ ተቀምጧል። የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ እርሻው አይመለስም፤ የቀረ ይቀጣል። ጥበብም ነበረው፦ ያየ ሰው በግልጽ መናገር ሲፈራ «ወፍ ነገረኝ» ብሎ ያልፋል፣ ስሙ አይወጣም። ይህን ወድጄለታለሁ። ነገር ግን ሜዳው ላይ ሦስት ቀን የዋለ ሕዝብ ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲል ድሃውን፣ መጤውን፣ ዘመድ የሌለውን ስም እንደሚያወጣም አባቴ ነግሮኛል። ከሌባ ሻይማ ይሻላል፤ እዚያ ደግሞ ዕፅ የጠጣ ልጅ እየተንደፋደፈ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር።

«ጠላፊው ካገባት ክሱ ይቀራል።» ቀድሞ በነበረው የ1949 ዓ.ም. ሕግ እንዲያ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያንን በር በአንቀጽ 587 ዘግቶታል፤ ጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ ከጠለፋ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ከተጠያቂነት አያድንም። በዚህ ላይ ሽማግሌ ይዛችሁ ቤቴ አትምጡ። መጥተዋል፤ ቡና አላፈላሁላቸውም።

«ለሠርግ የተተኮሰ ጥይት ወደ ሰማይ ነው፣ ማንንም አይጎዳም።» ወደ ሰማይ የወጣው ይወርዳል።

«ሳጅን ጡረታ ቢወጣም ፖሊስ ነው።» አይደለሁም። መዝገብ የለኝም፣ ማኅተም የለኝም፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በሬን ብታንኳኩ ልሰጣችሁ የምችለው ባትሪ ብቻ ነው። የተረኛው ስልክ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል። ዝናብ ካጠፋው ለሊቀ መንበሩ ንገሩት፣ እንደገና ይጻፈው።