የባርሴሎና የልብስ ገበያ፦ ብራንዶቹ፣ ሰፈሮቹና የግዢው ሥርዓት

ባርሴሎና የልብስ ከተማ ናት ሲባል ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው እዚሁ ተወልዶ ዓለምን ያዳረሰ የንግድ ስም ነው፤ ይህ በየጎዳናው ሞልቷል። ሌላው እዚሁ ተቆርጦ እዚሁ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ይህን የሚፈልግ ሰው ከዋናው ጎዳና ወጣ ማለትና የልብሱን ምልክት ገልብጦ ማንበብ አለበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋብሪካ የነበረባት ከተማ

ባርሴሎና ዋና ከተማዋ የሆነችው የስፔን ክልል ካታሎኒያ የበለጸገችው በጨርቅ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ባርሴሎና ውስጥ «ኢንዲያነስ» የሚባለውን ባለ ሥዕል የጥጥ ጨርቅ የሚያትሙ በርካታ ፋብሪካዎች ነበሩ። በ1830ዎቹ መጀመሪያ የቦናፕላታ ፋብሪካ በእንፋሎት ኃይል መሥራት ጀመረ፤ በ1835 በተነሣ ሁከት ተቃጠለ፤ ሌሎች ግን ፈለጉን ተከተሉ። ከከተማዋ ራቅ ብለው ያሉት ሳባዴልና ቴራሳ በሱፍ ጨርቅ ስም አወጡ። የድንጋይ ከሰል ውድ ስለነበር ብዙ ባለፋብሪካዎች ወንዝ ተከትለው ወደ ላይ ወጡ። በውሃ የሚዞር ፋብሪካ፣ ከጎኑ የሠራተኞች ቤት፣ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ያለው «ኮሎኒያ» የሚባለው መንደር የተወለደው እንዲህ ነው።

ስፔን በ1986 የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብን ስትቀላቀል ለአገር ውስጡ ጨርቅ የነበረው ከለላ ላላ። በ2005 ዓለም አቀፉ የጨርቃ ጨርቅ ኮታ ሲነሣ ደግሞ የእስያ ልብስ እንደ ልቡ ገባ። ሽመናውና ስፌቱ በአብዛኛው ሄዷል፤ የቀረው ንድፍ፣ የናሙና ሥራ፣ መጋዘንና ንግድ ነው። የድሮውን መልክ ማየት የሚፈልግ ቴራሳ የሚገኘውን የሳይንስና የቴክኒክ ሙዚየም ይጎብኝ፤ ሕንፃው ራሱ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ የሱፍ ፋብሪካ ነው።

የተወለዱት ስሞች

ማንጎ የመጀመሪያ ሱቁን የከፈተው በ1984 ፓሴች ደ ግራሲያ ላይ ነው። መሥራቹ ኢሳክ አንዲክ ኢስታንቡል ተወልዶ በጉርምስናው ባርሴሎና የመጣ ነጋዴ ሲሆን በ2024 አርፏል። በዚያው በ1984 ስዊዘርላንዳዊው ቶማስ ማየር ዴሲጉዋልን መሠረተ፤ መነሻው ከአሮጌ ጂንስ ተቀጣጥሎ የተሰፋ ጃኬት ነበር። ስሙ «እኩል ያልሆነ» ማለት ነው፤ የተለጣጠፈውንና ቀለም የበዛበትን ልብሱን ያየ ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ማሲሞ ዱቲ በስሙ ጣሊያናዊ ይመስላል፤ የተመሠረተው ግን በ1985 ባርሴሎና ውስጥ የወንዶች ልብስ ሆኖ ነው። ስትራዲቫሪየስ በ1994 ተከተለ። ሁለቱንም በኋላ የገዛቸው የዛራ ባለቤት ኢንዲቴክስ ነው። ዛራ ራሱ የዚህች ከተማ ልጅ አይደለም፤ በ1975 የመጀመሪያ ሱቁን የከፈተው በሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ጋሊሲያ ውስጥ፣ አ ኮሩኛ ላይ ነው። በዱባይ ወይም በዋሽንግተን የእነዚህን ሱቆች ዋጋ የለመደ ሰው ስፔን ሲገባ ይገረማል፤ ማንጎም ዛራም በአገራቸው ከውጭው ይልቅ ረክሰው ይሸጣሉ።

ከትልልቆቹ ሥር ብዙ ትንንሽ ስሞች አሉ። ቲንኪንግ ሙ ያለ ኬሚካል በለማ ጥጥ ይታወቃል፤ ቦቦ ቾሰስ የልጆች ልብስ ይሠራል፤ ኑድ ፕሮጀክትን የጎዳና ልብስ የሚወዱ ወጣቶች ይሰለፉለታል። ሙኒክ የተባለው ስኒከር በጎኑ ላይ የተጋደመ መስቀል ያለበት ሲሆን ስሙ ጀርመን፣ ፋብሪካው ካታላን ነው። የቶፕ ማንታ ታሪክ ግን ከሁሉም ይለያል። በባርሴሎና ጎዳናዎች አንሶላ አንጥፈው የሚሸጡ ስደተኞች፣ አብዛኞቹ ሴኔጋላውያን፣ በ2015 ማኅበር አቋቋሙ፤ በ2017 ደግሞ የራሳቸውን ብራንድ አስመዘገቡ። በ2021 ያወጡት ስኒከር «አንዴ ዴም» ይባላል፤ በወሎፍ ቋንቋ «አብሮ መሄድ» እንደማለት ነው። ሕጋዊ ሱቅ አላቸው፤ ገንዘቡም ወደ ማኅበሩ ይገባል። ከመንገድ ላይ አንሶላ የሚገዛው የታዋቂ ብራንድ ቅጂ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የከተማዋ ደንብ ሻጩን ብቻ ሳይሆን ገዢውንም ይቀጣል።

ምልክቱን ማንበብ

በሸሚዝ ወይም በቀሚስ በውስጥ በኩል፣ በጎኑ ስፌት ላይ የተንጠለጠለችው ነጭ ቅጠል ከቦርሳው ጽሑፍ ይልቅ እውነት ትናገራለች። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የክሩን ዓይነትና መቶኛውን መጻፍ ያስገድዳል፤ የተሠራበትን አገር መጻፍ ግን አያስገድድም። ስለዚህ «አልጎዶን» (ጥጥ)፣ «ላና» (ሱፍ)፣ «ሊኖ» (ሊነን)፣ «ሴዳ» (ሐር)፣ «ፒየል» (ቆዳ) የሚሉት ሁልጊዜ ይገኛሉ። «ፋብሪካዶ ኤን» ወይም «ኤቾ ኤን» የሚለው «የተሠራው በ...» ማለት ነው። «ዲሴኛዶ ኤን ባርሴሎና» ከሆነ ግን የተነደፈበትን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ልብሱ ሞሮኮ፣ ቱርክ ወይም ባንግላዴሽ የተሰፋ ሊሆን ይችላል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። የሀገር ውስጥ ሥራ ነው ተብሎ እጥፍ ዋጋ ሲጠየቅበት ነው ነገሩ የሚበላሸው። በትንንሽ ሱቆች ሻጯ ብዙ ጊዜ ነዳፊዋ ራሷ ናት፤ የት እንደተሰፋ ቢጠይቋት የመንደሩን ስም ሳይቀር ትናገራለች። መልሷ ከተምታታ ምልክቱን ማመን ይሻላል።

የት ምን ይገኛል

ፓሴች ደ ግራሲያ የውድ ልብስ ጎዳና ነው፤ የታዋቂው አርክቴክት የጋውዲ ሕንፃዎች ያሉትም እዚሁ ስለሆነ ከገዢው ተመልካቹ ይበዛል። ከ1843 ጀምሮ ያለው ሳንታ ኤውላሊያ እዚህ ነው፤ በልክ የሚሰፋ ሙሉ ልብስ ያዘጋጃል። ከካታሎኒያ አደባባይ ወደ አሮጌው ከተማ የሚወርደው የእግረኛ መንገድ ፖርታል ደ ላንዠልና ከጎኑ ያለው ፔላይ የሰንሰለት ሱቆች (በየቦታው ቅርንጫፍ ያላቸው) መደዳ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ መግባት ትከሻ ለትከሻ መጋፋት ነው፤ ኪስ አውላቂውም ያንን ሰዓት ያውቃል።

የትንንሽ ነዳፊዎች ሱቅ ኤል ቦርን ውስጥ፣ በሬክና በፍላሳደርስ ጠባብ መንገዶች ይገኛል። ግራሲያ ሰፈር፣ በተለይ ቬርዲ መንገድ፣ ዋጋው ትንሽ ለስለስ ይላል። ኮፍያ የሚፈልግ ካርየር ዴል ካይ ላይ ከ1924 ጀምሮ ያለውን ኦባክ ይሂድ። ላ ሮካ ቪሌጅ የተባለው የቅናሽ መንደር ከከተማዋ በመኪና ከግማሽ ሰዓት እስከ 40 ደቂቃ ይርቃል፤ የውድ ብራንዶች ያለፈ ወቅት ዕቃ ይሸጥበታል። ማንጎን ወይም ማሲሞ ዱቲን ለሚፈልግ ግን መንገዱ አያዋጣም።

በከተማዋ ሳይገዙት ሊሄዱ የማይገባ አንድ ነገር ቢኖር «እስፓርደኛ» ነው፦ ሶሉ ከጆንያ ክር የተገመደ፣ ላዩ ሸራ የሆነ ቀላል ጫማ። የገበሬና የወታደር ጫማ ነበር፤ ዛሬ ባለ ተረከዙ ሙሽሮች ሳይቀሩ ያደርጉታል። አቪንዮ መንገድ ቁጥር 7 ያለችው ላ ማኑዋል አልፓርጋቴራ ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የተከፈተች ናት። ጥሩውን ለመለየት ጫማውን ገልብጦ ማየት ነው፤ ገመዱ ዙሪያውን ተጠምጥሞ በጎን በኩል እስከ ማዶ በክር የተወጋ መሆን አለበት። በማጣበቂያ ብቻ የተያያዘ ከሆነ የመጀመሪያው ሙቀት ይለያየዋል። ሸራው በጥቂት ቀን ስለሚሰፋ ሲገዛ ጣትን ሳያጥፍ ጥብቅ ማለት አለበት፤ በሱቅ ውስጥ የተመቸ ጫማ በሳምንቱ ተረከዝ ላይ ይንሸራተታል። ጠላቱ ውሃ ነው። የረጠበ ገመድ ያብጣል፣ ይላላል፣ ቀስ ብሎም ይበሰብሳል። ከረጠበ ጋዜጣ ጎስጉሶ በጎኑ አስተኝቶ በጥላ ማድረቅ እንጂ ማሽን ውስጥ መክተት አይሞከርም።

ሙሽራን በተመለከተ ባርሴሎና የቬሎ ዋና ከተማ ከሚባሉት አንዷ ናት፤ ፕሮኖቪያስና ሮዛ ክላራ ከዚህ የወጡ ናቸው። ቬሎ ከመደርደሪያ ተነሥቶ የሚወሰድ ዕቃ አይደለም። ቀጠሮ ይያዛል፣ ልክ ይወሰዳል፣ ትእዛዙ ወራት ይፈጃል፣ ከዚያ የማስተካከያ ልኬት ይከተላል። የሠርጉን ቀን ጫማ ይዞ አለመሄድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጫፉ የሚቆረጠው በተረከዙ ቁመት ነውና።

ሰልባጅ

የሰልባጅ ወዳጅ ራባል ሰፈር ይገባል፤ ሪየራ ባሻ የተባለችው አጭር መንገድ የዚሁ ንግድ ነች። ፍላሚንጎስ በተባለው ሱቅ ልብስ በኪሎ ይሸጣል፤ የኪሎው ዋጋ እንደ ምልክቱ ቀለም ይለያያል። እዚህ ላይ ሚዛኑን ማሰብ ያስፈልጋል፦ ኪሎው 20 ዩሮ ቢሆን 150 ግራም የምትመዝን የሐር ሸሚዝ በ3 ዩሮ ትወጣለች፤ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን የቆዳ ጃኬት ግን 30 ይደርሳል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶቹ የሁማናና የካሪታስ ሱቆች በየሰፈሩ አሉ፤ በወቅት መጨረሻ ዋጋቸውን ይጥላሉ።

ግሎሪየስ አደባባይ አጠገብ ያለው ኤንካንትስ ገበያ ታሪኩ ከመካከለኛው ዘመን ይነሣል፤ አሁን ያለበት እንደ መስታወት በሚያንጸባርቅ ጣሪያ የተሸፈነ ሕንፃ የተከፈተው በ2013 ነው። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ይሠራል። ዋጋ መከራከር ያለው እዚህ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ሱቆች ቢሞከር ሻጩን ግራ ያጋባል። መለኪያ ክፍል ስለሌለ በልክ የሚሆን ሸሚዝ ቤት ውስጥ ዘርግቶ ከብብት እስከ ብብት መለካትና ሜትር ይዞ መሄድ ይበጃል። የድሮ ልብስ ቁጥር አይታመንም፤ የዛሬ 40 ዓመቱ 42 ዛሬ 38 ለምትለብስ ሴት ይሆናል።

ለአዲስ ልብስ የስፔን ቁጥር ከፈረንሳይ ጋር አንድ ነው። የሴት 38 በጀርመን 36፣ በጣሊያን 42፣ በእንግሊዝ 10፣ በአሜሪካ 6 ገደማ ነው። የጣሊያኑንና የስፔኑን ያምታታ ሰው ሁለት ቁጥር የጠበበ ልብስ ይዞ ይመለሳል።

ሰዓት፣ ቅናሽና መመለስ

ትልልቆቹ ሱቆች ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ማታ 3 ወይም 4 ሰዓት አይዘጉም። ትንንሾቹ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ገደማ ለምሳ ይዘጋሉ፤ በር ላይ «ታንካት» የሚል ካለ በካታላን ተዘግቷል ማለት ነው። እሑድ ከተማዋ በአብዛኛው ዝግ ናት። በቱሪስት ቀጠናው ከግንቦት 15 እስከ መስከረም 15 (በአውሮፓውያኑ ወራት) ሱቆች እሑድ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንዲከፍቱ ከ2022 ጀምሮ ተፈቅዷል። ወደቡ ላይ ያለው ማሬማግኑም ዓመቱን ሙሉ እሑድ ይሠራል። መስከረም 11 የካታሎኒያ፣ መስከረም 24 የከተማዋ በዓል ስለሆኑ ለግዢ ቀጠሮ አይያዝባቸውም።

ቅናሹ («ሬባሻስ») በሕግ ከ2012 ወዲህ በማንኛውም ጊዜ ሊደረግ ይችላል፤ ልማዱ ግን በጥርና በሐምሌ እንደሆነ ቀርቷል። የጥሩ የሚጀምረው ስጦታ ከሚሰጥበት የሰብዓ ሰገል በዓል ማግስት፣ በ7ኛው ቀን አካባቢ ነው። በዚያው ቀን ያልሆናቸውን ስጦታ ሊመልሱ የሚመጡትም ስለሚሰለፉ ሰልፉ እጥፍ ይሆናል። ቅናሹ በደረጃ ይወርዳል፦ መጀመሪያ ሳምንት ቁጥሩ ሁሉ አለ፣ ዋጋው ግን ገና ነው፤ በወሩ መጨረሻ ዋጋው ይወድቃል፣ የሚቀሩት በጣም ትንንሽና በጣም ትልልቅ ቁጥሮች ናቸው። በምልክቱ ላይ የተሰረዘው ዋጋ ባለፉት 30 ቀናት የነበረው ዝቅተኛው መሆን አለበት። ጉድለት ያለበት ዕቃ በ«ሬባሻስ» ስም መሸጥ አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት መመለስ ላይ ነው። ከሱቅ የተገዛ ጉድለት የሌለበትን ልብስ ሱቁ የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ ሰንሰለቶቹ የሚቀበሉት በራሳቸው ፈቃድ ነው፣ ቀኑም ደረሰኙ ላይ ተጽፏል። በኢንተርኔት የተገዛ ግን 14 ቀን የመመለስ መብት አለው። ጉድለት ያለበት አዲስ ዕቃ ከ2022 ጀምሮ ለ3 ዓመት ዋስትና አለው። ሱቁ እምቢ ካለ «ኦጃ ዴ ሬክላማሲዮኔስ» የተባለውን የቅሬታ ቅጽ መጠየቅ ነው፤ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ብዙ ጊዜም ቅጹ ሳይሞላ ነገሩ ይፈታል።

ቀረጥ ማስመለስ

በልብስ ዋጋ ውስጥ 21 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ 121 ዩሮ ከተከፈለ 21ዱ የመንግሥት ነው። ነዋሪነቱ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆነ መንገደኛ ያስመልሰዋል። አዲስ አበባ፣ ሪያድ፣ ቴላቪቭ ወይም ለንደን የሚኖር ይችላል፤ ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ቢሆንም አይችልም። ከ2018 ወዲህ ዝቅተኛ የግዢ መጠን የለም። ሲከፍሉ ፓስፖርት አሳይቶ «ዲባ» የተባለውን ቅጽ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከሱቁ ከወጡ በኋላ ተመልሶ ማሠራት ጣጣ ነው። ኤርፖርት ላይ ሻንጣው ለአየር መንገዱ ከመሰጠቱ በፊት የቅጹ ባርኮድ ማሽኑ ላይ ይነበባል። ካለፈ አለቀ፤ ካላለፈ ልብሱን ወደ ጉምሩክ መስኮት ይዞ መቅረብ ነው። ሻንጣው ቀድሞ ከተጫነና ምልክቱ ያልተነቀለ አዲስ ልብስ ማሳየት ካልተቻለ ገንዘቡ ይቀራል። ከክፍያ ድርጅቶቹ ኮሚሽን የተነሣ ሙሉው 21 ዩሮ እጅ አይገባም፤ በጥሬ ገንዘብ ከሚወስድ ይልቅ በካርድ የሚጠብቅ የተሻለ ያገኛል።