የሐዋሳ አብያተ ክርስቲያናት ደወሎች፦ ታሪክና ጥገና

ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን ሲያስተዳድሩ ነው። እንደ አክሱም ወይም እንደ ጎንደር መቶ ዓመታት የተሻገረ ደወል አይጠበቅባትም። ያም ሆኖ በመሀል ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው፤ በተለይ ታኅሣሥ 19 ቀን ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምእመን ከተማዋን ያጥለቀልቃታል።

የደወል ልማድ ግን ከከተማዋ እጅግ ይቀድማል። ነሐስ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የብዙ ገዳማት ደወል ድንጋይ ነበር። ረዘም ያሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከአግዳሚ እንጨት ላይ በገመድ ይንጠለጠሉና በትንሽ ድንጋይ ይመታሉ፤ ድምፃቸው ከብረት አይተናነስም። በጣና ገዳማት፣ ለምሳሌ በዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ዛሬም አሉ። የነሐሱ ደወል ከውጭ የሚመጣ ሲሆን ብዙ ጊዜ በስለት ወይም በስጦታ ይገኛል። አቅም ያነሰው ደብር ደግሞ የመኪና ቸርኬ ወይም የመድፍ ቀለህ ሰቅሎ ይደውላል። ሰዓቱን እስካሳወቀ ድረስ ማን ይንቀዋል?

ደወል ለማኅሌት፣ ለኪዳን፣ ለቅዳሴና ለቀብር ይደወላል። ኅብስቱና ወይኑ ከሚዘጋጁበት ቤት፣ ከቤተልሔም፣ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ዲያቆኑ በእጁ ይዞ የሚያሰማው ትንሹ ቃጭል ከዚህ የተለየ ነው። በከተማ ከትልቁ ደወል ሥራ ከፊሉን ሞንታርቦ ወስዶታል፤ ደወሉን የሚያስታውሰው ሰው የሚገኘውም ብዙ ጊዜ ድምፁ ሲበላሽ ነው።

የጥሩ ደወል ቅይጥ ከመቶው 78 እጅ ያህል መዳብ፣ 22 እጅ ያህል ቆርቆሮ (የጣሪያው ሳይሆን ቲን የሚባለው ማዕድን) ነው። ይህ ቅይጥ ድምፁ ሩቅ ይሄዳል፤ ነገር ግን ተሰባሪ ነው። ደወሉ ነሐስ ይሁን ብረት ያልታወቀ እንደሆነ ማግኔት ማስጠጋት ይበቃል፤ ነሐስን ማግኔት አይስበውም። ድምፁ የታፈነ ደወል ሁሉ ደግሞ ተሰንጥቋል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በዙሪያው ያለው ነው፦ የበሰበሰ አግዳሚ፣ የላላ ብሎን፣ ያለቀ ገመድ፣ የታጠፈ መምቻ። አግዳሚው ሲያጋድል መምቻው ከወፍራሙ ከንፈር፣ ማለትም ከደወሉ የታችኛው ጠርዝ፣ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ ያርፋል፤ ያኔ ጤነኛው ደወል እንደ በርሜል ይጮኻል።

በእኛ አገር ደወሉ ራሱ አይወዛወዝም፤ ብዙውን ጊዜ ተቸክሎ ይቀመጥና መምቻው በገመድ ይሳባል። ስለዚህ ምቱ ዓመት ከዓመት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ያ ቦታም እየተጠቀጠቀ ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ደወሉን ፈትቶ ሩብ ዙር ማዞርና ምቱ ባልተነካ ከንፈር ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ወጪው የጥቂት ሠራተኞችና የአንድ ማንሻ ሰንሰለት ቢሆንም የደወሉን ዕድሜ በብዙ ያራዝማል።

ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ከመልካም ሐሳብ ነው። መምቻው ሲወድቅ በቅርብ የተገኘ ወፍራም ፌሮ ይበየድና ይሰቀላል። መምቻ ግን ከደወሉ የለዘበ ብረት መሆን አለበት፤ ጠንካራ ከሆነ ከንፈሩን ይሸርፈዋል። ደዋዩ ገመዱን ስቦ ቶሎ ሳይለቅ ቀርቶ መምቻው ከደወሉ ጋር ከተጣበቀም የመሰንጠቅ አደጋ አለ። በአንዳንድ አሮጌ ደወሎች አናት ላይ አብሮ የቀለጠ የብረት ማንጠልጠያ አለ፤ እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ነሐሱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። እንዲህ ያለው ማንጠልጠያ ሳይፈነዳ በፊት ተቆፍሮ ወጥቶ በማይዝግ ብረት መተካት አለበት።

የተሰነጠቀ ደወል መደወሉ ወዲያው መቆም አለበት፤ እያንዳንዱ ምት ስንጥቁን ያስረዝመዋል። ወደ ሰፈር በያጅ መውሰድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያከፋል፤ በአንድ ነጥብ ላይ የሚያርፍ ሙቀት አጠገቡ ሌላ ስንጥቅ ይከፍታል። በትክክል ሲበየድ ደወሉ በሙሉ በምድጃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ በራሱ ዓይነት ቅይጥ ይሞላል፣ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። ይህን የሚያደርጉ ልዩ ባለሙያዎች በዓለምም ጥቂት ናቸው።

ከጥገናው ጋር የሚመጣ ሌላ ፈተና ማስዋብ ነው። አረንጓዴውን ሽፋን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ እንደ ወርቅ ማብለጭለጭ ለበዓል ያምራል፤ ነገር ግን ሽፋኑ ራሱ የነሐሱ መከላከያ ነው። ቀለም መቀባትማ ድምፁን ያፍነዋል። የወፍ ኩስ ግን በውኃና በለስላሳ ጨርቅ መነሣት አለበት፤ ነሐስ ይበላል።

ሌላው ሁሉ ካልሆነ ደወሉ ቀልጦ እንደገና ይሠራል። ከማቅለጡ በፊት ሰበካ ጉባኤው በደወሉ ላይ የተቀረጸውን የሰጪውን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱንና ስለቱን ፎቶ አንሥቶ ቢይዝ፣ ጽሑፉ በአዲሱ ደወል ላይ መልሶ ሊቀረጽ ይችላል።