አጎዛ እንዴት ይመረጣል?

አጎዛ ጸጉሩ ሳይነሳ የለፋ የበግ ቆዳ ነው። በደጋው አገር፣ በተለይ መንዝ አካባቢ፣ መደብ ላይ ይነጠፋል፣ እንግዳ ሲመጣ ይዘረጋል። የሚለበሰው ደበሎ ነው። የቆሎ ተማሪ ብርዱን የሚችለው በሱ ነው።

ገበያ ላይ ብዙ ሰው መጀመሪያ ጸጉሩን ይዳብሳል። ጸጉር ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል፣ ስለዚህ ገልብጡት። በሥጋ በኩል ያለው ገጽ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ በደንብ ለፍቷል። ከተንኮሻኮሸ ደርቋል እንጂ አልለፋም። እጅ ላይ ቅባት ከቀረና ከከረፋ ስቡ በደንብ አልተፋቀም ማለት ነው። ወደ ብርሃን አንስታችሁም እዩት፣ ቢላ የበላው ቦታ ሳስቶ ይታያል፣ ሲጎተት የሚቀደደውም እዚያ ጋ ነው። በዓል ላይ በየቤቱ የሚገፈፍ በግ ላይ ይሄ ይበዛል፤ ቢላውን አስቀምጦ በቡጢ የሚገፍ ሰው ያወጣው ሌጦ ንጹሕ ነው። ከዚያ ጸጉሩን ሆዱ ጋ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ሳቡ። እየተነቀለ ከመጣ ሌጦው ጨው ሳያገኝ ቆይቶ መበስበስ ጀምሮ ነበር፣ ይሄን ማንም ባለሙያ አይመልሰውም።

ከሁሉም የከፋው እከክ ነው። የኛ ደጋ በግ ሌጦ ስስና ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት በዓለም ገበያ ይፈለጋል፣ ይሄንን ስም በብዛት የሚያበላሸው ደግሞ እከክ ነው። ቅማልና የበግ ቅንቅን በጉን ሲነክሱት ቆዳው ይቆጣል፣ ከላይ ጥቃቅን እብጠት ያወጣል። ችግሩ ጥሬው ሌጦ ላይ ጸጉሩ ይደብቀዋል። ፋብሪካ ገብቶ ጸጉሩ ሲነሳ ነው የሚታየው፣ ያኔ ደግሞ ገንዘቡ ተከፍሏል። አጎዛ ጸጉሩ ስለማይነሳ ለገዢው ጭራሽ ላይታየው ይችላል። ስለዚህ አንገቱና ትከሻው ጋ ጸጉሩን ከፈል ከፈል አድርጋችሁ ቆዳውን በጣት ዳብሱት። አሸዋ እንደተበተነበት ከሻከረ ተዉት። መድኃኒቱ ያለው በጉ በሕይወት እያለ ነው፣ በጉን በወቅቱ ፀረ-ተባይ መርጨት ወይም እሱ ውስጥ መንከር።

በባሕላዊው መንገድ ሌጦው በካስማ ተወጥሮ ይፋቃል፣ በእንቧይ ይታሻል፣ ቅባት ጠጥቶ በእግር ይረገጣል። ጉልበት የሚበላ ሥራ ነው። ይሄን የሚሠሩ ሰዎች ግን «ፋቂ» እየተባሉ ኖረዋል፣ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ ቢከለክሉም ስድቡ አልጠፋም።

በእንቧይ የለፋው ፋብሪካ ክሮም በሚባል ኬሚካል ካለፋው ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ እኔም ለመኝታ እሱን እመርጣለሁ፣ ውሃ ላይ ግን ክሮሙ ይሻላል። ሻጩ ከፈቀደ ከጠርዙ ትንሽ አርጥባችሁ አድርቁት። ደርቆም ከለሰለሰ ግዙት።