ከአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ወደ ጅማ ስለሚመለስ ሰው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአእምሮ ሕመም ውስጥ ሆኖ ወንጀል የፈጸመ ሰው ታክሞ ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ሰፈር ይገባል። ከጅሬን እስከ ኮቺ፣ ቡና ሲጠጣም ባጃጅ ውስጥም ይወራል። እኔ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። እንዲህ ያሉ ሰዎችን ከወጡ በኋላ እከታተላለሁ። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሳ። ብዙዎቹ በክፋት የሚነገሩ አይደሉም፤ ጉዳታቸው ግን ከባድ ነው።

«እብድ ነኝ ብሎ ከእስር አመለጠ»

ታምሜያለሁ ስላለ ብቻ ከክስ የሚድን የለም። በ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 መሠረት ዋናው ጥያቄ ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት ያለው ሁኔታ ነው። የሚያደርገውን ያውቅ ነበር? ራሱንስ መቆጣጠር ይችል ነበር? ፍርድ ቤት ከተጠራጠረ ባለሙያ እንዲመረምረው ያዛል። ለዚህ ምርመራ ከየክልሉ ሰው የሚላከው በአብዛኛው አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለድሃ ቤተሰብ ሄዶ መጠየቅ ራሱ ፈተና ነው።

ስለታመመ በወንጀሉ ተጠያቂ አይደለም ቢባልም በዚያው ወደ ቤቱ ላይሄድ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ተቋም ውስጥ ተይዞ ወይም እየተመላለሰ እንዲታከም ሊያዝ ይችላል። እስራት አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቅበት ቀን ይታወቃል። ለዚህ ሕክምና ግን አስቀድሞ የተቆረጠ ቀን የለም፤ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን በየጊዜው እያየ ነው የሚቀጥለው ወይም የሚያነሳው። «አመለጠ» የሚባለው ሰው ቢታሰር ኖሮ ከሚቆየው በላይ ተይዞ ሊሆን ይችላል።

«አንዴ ያደረገ መልሶ ያደርጋል»

ፍርሃቱ ይገባኛል። ሰው ተጎድቷል፣ አንዳንዴም ሞቷል። ነገር ግን በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ወንጀል የፈጸሙ ታማሚዎች ተይዘው ከሚታከሙበት ሆስፒታል የወጡ ሰዎች ወደ ወንጀል የሚመለሱት ከእስር ቤት ከሚወጡት ባነሰ መጠን ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ደግሞ ማንንም አይጎዱም፤ ይልቁንም በሌላ ሰው የሚደበደቡትና የሚዘረፉት እነሱ ናቸው።

«ምንም አያደርግም፣ አትስጉ» ማለትም ልክ አይደለም። መድኃኒት ሲቋረጥ፣ መጠጥ ሲጨመር፣ እንቅልፍ ሲጠፋና የድሮው ጥርጣሬ ሲመለስ አደጋው ይጨምራል። የእኔ ሥራ ትልቁ ክፍል እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ሲመለስ የሚያሳየው ምልክት ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ሌሊቱን ግቢ ውስጥ ሲመላለስ ያድራል። ሌላው «ምግቤ ውስጥ መርዝ አለ» ብሎ ከእናቱ እጅ መብላት ይተዋል። ሌላው መታጠብ ይተውና በር ዘግቶ ይቀመጣል። እነዚህን ምልክቶች ደህና በሆነበት ሰዓት ከራሱና ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብለን እንጽፋቸዋለን። ማን ለማን እንደሚደውልም እንስማማለን። ይህን በተለይ ለእናቶች አጥብቄ የምነግረው በምክንያት ነው፤ ሕመሙ ከተመለሰ ከመንገደኛው ይልቅ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ነው ቀድሞ አደጋ ላይ የሚወድቀው።

ሰፈሩ የማያየው ሌላ አደጋም አለ። ሰውየው ሲሻለው ያደረገው ነገር ይገባዋል። ወንድሙን ወይም ጎረቤቱን እንደጎዳ በጤነኛ አእምሮ ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከአእምሮ ሆስፒታል በወጡ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት አደጋ ከፍተኛ ነው። በዚያ ሰሞን «ነፍሰ ገዳይ መጣ» እያሉ በሩ ላይ ማንሾካሾክ ሰው ይገድላል።

«ፍርድ ቤት ከለቀቀው ጉዳዩ አልቋል»

በወረቀት ካልሆነ በቀር አላለቀም። የተጎጂው ቤተሰብ ሁለት ቤት አልፎ ሊኖር ይችላል። እኛ አካባቢ ደም ሲፈስ የአገር ሽማግሌዎች ገብተው እርቅ ያወርዳሉ፤ ጉማ የሚባለው የደም ካሳ ሥርዓትም አለ። እርቁ ሳይያዝ ሰውየውን አምጥቶ ሰፈር ውስጥ መጣል ለእሱም ለጎረቤቱም አደገኛ ነው። ስለዚህ ከመመለሱ በፊት ሽማግሌዎችን ማነጋገር የሕክምናው አካል ነው ብዬ አምናለሁ። እርቁ እስኪያልቅ አጎቱ ወይም አክስቱ ዘንድ፣ አጋሮ ወይም ሰቃ ቢቆይ ይሻል ይሆናል። ሕመሙ ምን እንደሆነ ለሽማግሌዎቹ ማስረዳትም ያስፈልጋል፤ ስለ ሕመሙ ግን ሰውየው ሳይፈቅድ አልናገርም።

እንግሊዝ አገር እንዲህ ያሉ ታማሚዎች ብዙዎቹ ከሆስፒታል የሚለቀቁት በቅድመ ሁኔታ ነው። የት እንደሚኖሩና ሕክምናቸውን እንዴት እንደሚቀጥሉ ይወሰናል፤ ለዚሁ የሠለጠነ ነርስም ይከታተላቸዋል። እኛ ጋ ሸክሙ የሚያርፈው በተመላላሽ ክሊኒክ ነርሶች፣ በጤና ጣቢያና በቤተሰብ ላይ ነው። ለዚህ ነው ሽማግሌውም፣ እድሩም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ያስፈልጉናል የምለው።

«ድኗል፣ መድኃኒቱን ይተው»

የተሻለው መድኃኒቱን ስለወሰደ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ላለፈ ሰው በራስ ፈቃድ ማቋረጥ በጣም አደገኛ ነው። ግን ለምን እንደሚተዉትም መስማት አለብን። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ሰውነት ግትር ያደርጋል፣ ያወፍራል፣ ያስተኛል። «ሲስተር፣ ይሄ መድኃኒት ሰው አላደረገኝም» ሲለኝ እውነቱን ነው። መጠኑ ሊስተካከል፣ መድኃኒቱም ሊቀየር ይችላል። በየቀኑ መዋጥ ለከበደው ከ2 እስከ 4 ሳምንት የሚቆይ መርፌ አለ።

ረመዳን ሲገባ የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው። ማቋረጥ አያስፈልግም፤ ከጾሙ በፊት ይምጡና ሰዓቱን ወደ ኢፍጣርና ሱሁር እናዛውረዋለን። ጸበልም ዱዓም ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። አንዱን ለሌላው ብሎ መተው ነው ችግሩ።

«ጫት ያረጋጋዋል»

አያረጋጋውም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አእምሮን የሚያነቃቃ ነው። እንቅልፍ ይነሳል፣ ጥርጣሬንና የሌለ ድምፅ መስማትን ያባብሳል፣ መድኃኒቱ የሚሠራውንም ያፈርሳል። በጅማ ይህን መናገር ቀላል አይደለም፤ ጓደኝነቱም ጨዋታውም ያለው በርጫ ላይ ነው። ስለዚህ «ተው» ብቻ ብዬ አልሄድም። ከሰዓቱን የት እንደሚያሳልፍ አብረን እንፈልጋለን፤ ሥራ ቢገኝ ደግሞ ምንም አይተካውም።

«ቤት ውስጥ አስሮ ማቆየት ይሻላል»

የሚያስሩት ቤተሰቦች ጨካኞች አይደሉም፤ ደክሟቸው፣ ፈርተው ነው። ሰንሰለት ግን እግር ያቆስላል፣ ቁጣን ያሳድጋል፣ ሕመሙን አያክምም። ከማሰር በፊት የጻፍነውን የምልክት ወረቀት አውጡ። ሁለት ሌሊት ካልተኛ ወይም መድኃኒቱን እንቢ ካለ የቀጠሮውን ቀን አትጠብቁ። ያን ቀን ደውሉ ወይም ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ። ስለትና መጥረቢያ ከቤት አውጡ። እጁ ላይ መሣሪያ ካለ ለመቀማት አትታገሉ፤ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና ፖሊስ ጥሩ። ለፖሊሱም ታማሚ መሆኑን ቀድማችሁ ንገሩት።