የግቢ ፏፏቴ ስትመርጡ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለግቢው ፏፏቴ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የድንጋዩን ቅርፅና ቀለም ነው። ፓምፑ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔም የሚሰማው ያው የተለመደ መልስ ነው፦ «ካርቶኑ ላይ 2 ሜትር ይላል፣ ይበቃል።» አይበቃም! ፏፏቴው ተተክሎ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ድንጋዩና የተከለው ሰው ይወቀሳሉ። ስህተቱ ግን የተሠራው ያ ቁጥር ሲነበብ ነው።

«2 ሜትር የሚል ፓምፕ ለ2 ሜትር ፏፏቴ ይሆናል»

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ከፍታ የፓምፑ አቅም የሚያልቅበት ነው። እዚያ ሲደርስ ውሃው ቱቦው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንዲት ጠብታ አይፈስም። አጠገቡ ያለው «በሰዓት 1500 ሊትር» የሚለው ቁጥር ደግሞ የተለካው ውሃው ምንም ከፍ ሳይል ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ጊዜ አይገኙም። ይኸው ፓምፕ በ1 ሜትር ከፍታ ላይ የሚሰጣችሁ በግምት ግማሹን ነው፤ ወደ 2 ሜትር ስትጠጉ ቀጭን ክር የመሰለ ውሃ ብቻ ይቀራል።

ከፍታው የሚለካው ገንዳው ውስጥ ካለው የውሃ ገጽ እስከ መውጫው ድረስ ነው። ፓምፑን ገንዳው ውስጥ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብታደርጉት ልዩነት አያመጣም። ቱቦው ግን ለውጥ ያመጣል። ቀጭን፣ ረጅምና መታጠፊያ የበዛበት ቱቦ የፓምፑን ጉልበት ይበላል። የፓምፑ አፍ የሚቀበለውን ሰፊውን ቱቦ ግዙ፤ እስከ ላይ ድረስ በዚያው ስፋት ይሂድ። መጥበብ ካለበት መውጫው ላይ ብቻ ይጥበብ።

ቀጥሎ ስንት ውሃ እንደምትፈልጉ አስሉ። እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ ለሚወርድ ውሃ፣ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር የጠርዝ ስፋት በሰዓት 150 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 4500 ሊትር ማለት ነው፤ ያውም እላይ ጠርዙ ላይ ሲደርስ። ውሃው ካነሰ መጋረጃው ይሰነጠቃል፣ ከጠርዙ ሥር ወደ ውስጥ ይታጠፍና ግድግዳውን ተለጥፎ ይወርዳል። ጠርዙን በውሃ ልክ ካላስተካከላችሁት ደግሞ ውሃው በሙሉ ወዳዘነበለው ጎን ይሄዳል።

ስለዚህ ሻጩን «ስንት ሜትር ያወጣል?» ብላችሁ አትጠይቁት። መውጫው ለምሳሌ በ80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ፣ «በ80 ሴንቲ ሜትር ላይ በሰዓት ስንት ሊትር ይሰጣል?» በሉት። መልሱ ከፓምፑ ጋር በሚመጣው የከፍታና የፍሰት ሰንጠረዥ ላይ አለ፤ ሰንጠረዥ የሌለውን ፓምፕ ተዉት። ከሚያስፈልጋችሁ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚበልጥ ውሰዱና ትርፉን በመቆጣጠሪያ ቫልቭ ቀንሱ። ቫልቩ የሚገባው በመውጫው በኩል ነው፤ መግቢያውን ማፈን ፓምፑን ይጎዳል።

ፓምፕ ካላችሁ ራሳችሁ ለኩት። ፏፏቴው ላይ የሚገባውን ቱቦ ግጠሙ፣ አፉን መውጫው በሚሆንበት ከፍታ ያዙ፣ 10 ሊትር ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ቁጠሩ። 36000ን ለሰከንዱ ስታካፍሉ በሰዓት የሚሰጠውን ሊትር ታገኛላችሁ። በ24 ሰከንድ ከሞላ 1500 ነው፤ 1 ደቂቃ ከፈጀበት 600 ብቻ ነው።

«ገንዳው ትንሽ ቢሆንም ውሃው ስለሚዞር ችግር የለውም»

ይዞራል፤ ግን ሁሉም ተመልሶ ገንዳው ውስጥ አይወድቅም። ወደ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ለሚፈናጠር ውሃ የገንዳው ጠርዝ ከመሐሉ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ነፋስ የሚበዛበት ግቢ ከሆነ ከዚያም በላይ። ጠባብ ገንዳ ዙሪያውን ያረጥባል፣ ውሃው በቀስታ ይጎድላል፣ በመጨረሻም ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል። በውሃ ውስጥ የሚሠራ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በዚያው ውሃ ስለሆነ ደርቆ ከሠራ ይቃጠላል። የተገላቢጦሹም አለ፦ ፓምፑ ሲጠፋ ላይ የነበረው ውሃ በሙሉ ወደ ታች ይመለሳል። ከመግዛታችሁ በፊት አስሞልታችሁ፣ አስነስታችሁ፣ አስጠፍታችሁ እዩ። ከፈሰሰ ገንዳው አይበቃም።

«ፏፏቴ መብራት ይጨርሳል»

20 ዋት የሆነ ትንሽ ፓምፕ 24 ሰዓት ሙሉ ቢሠራ የሚወስደው 0.48 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእናንተን ዋት በሰዓቱ አባዙ፣ ለ1000 አካፍሉና ወስኑ።

«ውሃው ስለሚንቀሳቀስ ትንኝ አይራባም»

የሚንቀሳቀሰው ላይ አይራባም። ጥግ ላይ የተኛው ውሃ ግን በሙቀት ወቅት በሳምንት ገደማ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያደርሳል። ፏፏቴውን ለቀናት የምታጠፉት ከሆነ ገንዳውን ባዶ አድርጉት።

«አረንጓዴውን በረኪና ያጠፋዋል»

ለጊዜው ያጠፋል፤ ከገንዳው የሚጠጡትን ወፎችና ዙሪያው ያሉትን ተክሎች ግን ይጎዳል። አረንጓዴው ነገር አልጌ ነው፤ የሚያድገውም በፀሐይና በቆሻሻ ነው፤ ጥላ ያለበት ቦታ ምረጡ፣ ቅጠሉን ልቀሙ፣ ውሃውን ለውጡ፣ በብሩሽ ፈትጉ። ፓምፑን ከገንዳው ወለል ላይ በጡብ ከፍ አድርጉት፤ ደለሉን አይስብም። ነጭ የኖራ ቅርፊት ከያዘው ፓምፑን ነቅላችሁ፣ እኩል በተቀላቀለ ኮምጣጤና ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉና አጥባችሁ መልሱ። ኮምጣጤውን እብነ በረድ ላይ አታፍስሱ፤ አሲዱ ድንጋዩን ይበላዋል።

«በፀሐይ የሚሠራው ከሁሉ ይሻላል»

ባትሪ ከሌለው ደመና ሲመጣ ይቆማል፤ ማታ ግቢ ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው አይሆንም።

«ፓምፑ ለውሃ ስለተሠራ ኤሌክትሪኩ አያሰጋም»

ፓምፑ ለውሃ ተሠርቷል፤ በቴፕ የቀጠላችሁት ገመድ ግን አልተሠራም። መቀጠያው ከገንዳው ርቆ፣ ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ይሁን። መስመሩም 30 ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ ከገመዱ ወደ ውጭ ሲያፈተልክ ራሱን የሚያቋርጥ መከላከያ ይኑረው። ገንዳውን በምታጸዱበት ጊዜ ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከዚያ እጃችሁን አስገቡ።